ብትን ኮምፒውተር

ጎበዝ! እናንት የዘመኔ ሰዎች፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ «መነጽሬን ማን ወሰደው?» የምትሉ፣ ኑ እስቲ አብረን እንማረር። ብቻዬን ተማርሬ ሰለቸኝ። ቤቴ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ያየ ሰው ሰፈሬን ያውቀዋል። በዚያ ዳገት ላይ ስንቱን አየሁት! እንጨት የምንለቅምበት ጫካ በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ሆነና ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ ሊወናጨፍበት ገንዘብ ይከፍላል፤ እኛ ከዛፍ የምንወድቀው በነጻ ነበር። ሌሊቱን ተቀምጠን የምንሠራው የቀሚስ ጥለት ከቻይና በፋብሪካ ታትሞ በጥቅል መጣ። ይህን ሁሉ ዝም ብዬ ችዬ ነበር። ባለቤቴ «መቼ ዝም አልክ?» ትለኛለች፤ እሷ ምን ታውቃለች። ዘንድሮ ግን የልጅ ልጄ «ኮምፒውተር ገዛሁ» ብሎ የመጣ ዕለት ትዕግሥቴ አለቀ።

ገዛሁ ይበል እንጂ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ብትን ነው። እንደ ብትን ጨርቅ፣ ያልተቆረጠ ያልተሰፋ። ከአንዱ ካርቶን ማዘርቦርድ ወጣ፤ ከአንዱ ፕሮሰሰር፤ ከአንዱ ራም፤ ከአንዱ ፓወር ሰፕላይ፤ ከአንዱ ማራገቢያ፣ ከማራገቢያው ሥር ደግሞ ሌላ ማራገቢያ። በመጨረሻ አንድ ጎኑ መስታወት የሆነ ባዶ ሳጥን ወጣ። አልጋው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ረከቦቱ ላይ ሳይቀር ተዘረጋ። «ኮምፒውተሩስ የታለ?» አልኩት። «ይኸው ነው አባባ፤ የምገጥመው እኔ ነኝ» አለኝ። ስሙልኝ! ሰው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሥራውን ራሱ ይሠራል? በኛ ጊዜ እቃ ቤት የሚገባው አልቆለት ነበር። ራዲዮ የገዛ ሰው ራዲዮ ይዞ ይመጣል፤ ቁልፉን ሲያዞረው ይናገራል። አልናገርም ካለ በጥፊ ይለዋል፤ ይናገራል። ከዚህ በላይ ምን ቴክኖሎጂ ያስፈልጋል?

የድሮው ኮምፒውተራችን ምን ጎደለው? ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ይባላል፤ ፈረንጆቹ በነሱ አቆጣጠር በ2012 ያወጡት ሞዴል ነው። በውጭ ሀገር መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጽፍ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ወደኛ የተሸጠ፣ የታረመ፣ የተቀጣ እቃ። መጀመሪያ የገባ ጊዜ «ይህ ሰይጣን ከቤቴ ይውጣልኝ» ብዬ ጸበል አስረጭቼበታለሁ፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ሲከፈት አይቸኩልም። ቁልፉን ትጫኑትና ቡናው ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ አቦሉ ሲቀዳ እሱም ይነሳል። ሥርዓት ማለት ይኸ ነው። አዲሱ ግን ኤስኤስዲ የሚሉት ተሰክቶበት፣ ገና እጅ ሲያርፍበት ተከፍቶ ያፈጥባችኋል። ሰው ሀሳቡን የሚሰበስብበት ጊዜ እንኳ ነፈጉት!

ጎረምሳው በዚያ በጨዋ እቃ ላይ ክሱን ደረደረ። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ አለኝ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛ ትውልድ በታች የሆነውን የኢንቴል ፕሮሰሰር በአብዛኛው በጄ አይልም፤ የኛው ሦስተኛ ትውልድ ነው። እኔ የማውቀው ትውልድ የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው፣ እሱም እስከ ሰባት ቤት ብቻ። ለማሽን እስከ ስምንት ይቆጠራል ያለ ሽማግሌ አላጋጠመኝም። «እሺ፣ ለጨዋታ ያስፈልገኛል የምትለውን ግራፊክስ ካርድ እዚያው ላይ ጨምርበት» ብለው፣ የኛው ቀጭኑ ዓይነት ስለሆነ ካርዱን አያስገባውም፤ ቢያስገባውም ባለ 240 ዋት ፓወር ሰፕላዩ አይሸከመውም አለ። ለማሽን እንዴት ይታዘናል! የኔ ጉልበት ስንት ዋት እንደቀረው የጠየቀኝ የለም፤ ውሃ ሲጠፋ ግን ጀሪካኑ ለኔ ነው።

ስለ ዋጋው ባልናገር ይሻለኛል፤ ግን እናገራለሁ። ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3060 ይባላል፤ በ2013 የካቲት ሲወጣ አሜሪካ የተተመነለት ዋጋ 329 ዶላር ነበር። ያኔ ዶላር በባንክ 40 ብር ገደማ ስለነበር 13 ሺህ ብር ይሆናል። ከዚያ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ ይመራ ተብሎ ተለቀቀ፤ በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላ ከ130 ብር አለፈ። አሁን አባዙት፤ 42 ሺህ ብር ያልፋል። ይህ እንግዲህ ነጋዴው ትርፉን፣ ጉምሩኩ ቀረጡን ሳይጨምር ነው። በደርግ ጊዜ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ያንን ካርድ በዚያ ሂሳብ ሳሰላው 681 ብር መጣልኝ። 681 ብር! እርግጥ ያኔ ካርዱ አልተሠራም ነበር፤ ዶላር ኪሱ የተገኘበትም ሰው የሚወርድበት ቦታ ይታወቃል። ቢሆንም ርካሽ ነበር።

ልጁ ግን አዲስ መግዛት አቅሙ ስላልሆነ ካርዱን ያገለገለ አፈላለገ፤ አሜሪካ ያለው አጎቱ ለበዓል ሲመጣ በካልሲ ጠቅልሎ በሻንጣው አመጣለት። ድሮ ከአሜሪካ የመጣ ሰው ሻንጣው ሲከፈት ሸሚዝ ይወጣል፣ ሽቶ ይወጣል፣ ለሽማግሌ ካፖርት ይወጣል። ዘንድሮ የወጣው ባለ ሁለት ማራገቢያ ብረት ነው። ለኔ የደረሰኝ የጉልበት ቅባት፣ እሱም የተከፈተ።

ራሙ ደግሞ የባሰበት ነው። ሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር በዓለም ዙሪያ ትላልቅ የመረጃ ማዕከሎች አስገንብቶ የማስታወሻውን ቺፕ ሁሉ ጠራርጎ ስለወሰደው፣ በ2018 መግቢያ ላይ የራም ዋጋ ጣሪያ ነካ። ጤፍ ተወደደ ሲሉኝ ይገባኛል፤ ዝናብ ቀረ እላለሁ። ዘይት ተወደደ ሲሉኝም ይገባኛል። ካሊፎርኒያ ያለ ማሽን ማሰብ ስለጀመረ ሽሮ ሜዳ ራም ተወደደ ሲሉኝ ግን ማንን ልራገም? በዚህም ሳቢያ ልጁ ጥንድ የሚያስፈልገውን ባለ 8 ጊጋባይት ራም አንዱን ብቻ ገዝቶ ሌላውን ቀዳዳ ባዶ ተወው። ጅምር እቃ በቤቴ! አያቶቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?

የገጠመ ዕለት በቤታችን የታወጀውን አዋጅ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ማንም ምንጣፉ ላይ እንዳይራመድ፤ ማንም በጋቢው እንዳይጠጋ። እሱ ራሱ በየደቂቃው ያንን የብረት ሳጥን ይዳብሳል። «ምን ያስደባብስሃል?» ብለው «በሰውነቴ ያለው ኤሌክትሪክ እቃውን እንዳያቃጥለው ነው» አለኝ። የወር ሂሳብ ስከፍል የኖርኩት እኔ፣ ኤሌክትሪክ በልጁ ገላ ውስጥ በነጻ ሲሄድ! ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600 ነው፤ ስድስት ኮር አለው። ከሆዱ ሥር 1,331 መርፌ ተደርድሯል፤ አንዷ ከጎበጠች ገንዘቡ አፈር በላ ማለት ነው። ትንፋሹን ውጦ አስቀመጠው። ከላዩ ላይ ግራጫ ቅባት፣ ተርማል ፔስት የሚሏትን፣ የሽንብራ ፍሬ ያህል ጠብ አደረገ። ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ብረት ታሻግራለች አሉ። ለጉልበቴም ትሆን እንደሆነ ጠየቅሁት። አትሆንም አለ። ታዲያ ምኗ ነው ቅባት?

ሁሉ ተሰካ፣ ሁሉ ታሰረ፣ ቁልፉ ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ ቦገገ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ነቀለ፣ ሰካ፤ ራሙን አወጣ፣ መለሰ፤ አሁንም ጥቁር። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አንጀቴ ተላወሰና አባት በሚያጽናናበት ቃል አጽናናሁት፤ «ብዬህ ነበር» አልኩት። ለካ የስክሪኑን ገመድ የሰካው ማዘርቦርዱ ላይ ኖሯል። ያ ፕሮሰሰር በራሱ ምስል የማውጣት ሙያ ስለሌለው ገመዱ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካት ነበረበት። እስቲ ፍረዱ፤ የማይሠራ ከሆነ ቀዳዳውን ምን አስቀመጠው? በኛ ጊዜ ቀዳዳ ካለ ይሠራል፤ የማይሠራ ቀዳዳ ያለው ጣሪያችን ላይ ብቻ ነበር፣ እሱም ቢሆን ክረምት ሲመጣ ይሠራል።

ከዚያም መብራቱ! ማራገቢያው ቀይ ይሆናል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሰማያዊ ይሆናል። «ምን እየነገረን ነው?» አልኩ። «ምንም። አርጂቢ ነው፤ ጌጥ ነው» አለኝ። ወገኖቼ፣ የሕዳሴው ግድብ መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል ከመቀነት ፈትተን ቦንድ የገዛን ሰዎች ነን። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ በኩታዬ ጫፍ እንባዬን ጠርጌአለሁ። 5,150 ሜጋ ዋት ለማራገቢያ ጌጥ ነው? ልጁ ደግሞ መልስ አያጣም፤ «አባባ፣ ኮምፒውተሩ ጨዋታ ላይ ሲሆን የሚፈልገው 300 ዋት ገደማ ነው፤ የእንጀራ ምጣዳችን ግን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይበላል» አለኝ። ምጣድ ቢበላ ያበላል። ይኸ ምን ጋገረልን? መብራት ጠፍቶ ጨዋታው ሲቋረጥበት «እግዜር ፈረደ» እላለሁ። የኔ ዜና ሲቋረጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ሀገሪቱ ወዴት እየሄደች እንደሆነ ያሳስበኛል።

ድሮ ወጣት ሙያ ነበረው። አባቴ ከዶርዜ መጥቶ እዚህ ዳገት ላይ ሽመና ያስተማረኝ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። የራሴን እቃ ያቆምኩበትን ጊዜ ሳስበው ዛሬም ደረቴ ይሞላል። ምሰሶውን ራሴ መርጬ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ አስወረድኩ። መወርወሪያውን ከወይራ አስጠረብኩ። ማጉን የሚመታውን የሸምበቆ ጥርስ አንድ በአንድ በጄ ሰካሁ። መርገጫው አልስማማኝ ብሎ ስንቴ ፈትቼ ስንቴ ገጠምኩት። ጉድጓዱንም በእግሬ ቁመት ልክ ቆፈርኩ፤ በሰው ቁመት በተቆፈረ ጉድጓድ ማን ይሸምናል? ተገጣጥሞ ያለቀ እቃ በቅናሽ እንሽጥልህ ያሉኝን «ለሰነፍ ሽጡት» ብዬ መለስኳቸው። ያቆምኩት ዕለት ሰፈሩን ሁሉ ጠርቼ ምሰሶውን አስዳበስኩ። የዛሬ ልጅ ግን ምን ያውቃል? የሰው እቃ ሲፈታ ሲገጥም ይውልና ጓደኞቹን ጠርቶ በመስታወት ያሳያል።

ጨዋታውማ ይቅር! ሁሉም በአንድ ጊዜ ይተኩሳል፤ ተራ መጠበቅ የለ፣ ይሉኝታ የለ። እኛ ሰንጠረጅ የነበረን ሕዝብ ነን። ዋልተር ፕላውደን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል እንኳ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ አይቶ ጽፎለታል። ንጉሥ አለው፣ ፈርዝ አለው፣ ፊል አለው፣ ፈረስ አለው። አጀማመሩ ወረራ ይባላል፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እጃቸው የቻለውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። እንዴት ያለ ጨዋነት! ዙሪያውን የተቀመጠው ሰውም ዝም አይልም፤ «ፈረሱን! ፈረሱን አንሳው!» እያለ ይመክራል፤ ከተጫዋቹ ይልቅ ተመልካቹ ይደክማል። የልጅ ልጄ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ሌላ ሰው ሲጫወት በዩቲዩብ ተቀምጦ ያያል፣ አስተያየትም ይጽፋል። ሰው ሲጫወት ማየት ምን የሚሉት ነው?

የገና ጨዋታስ? ጌታና ሎሌ ሳይለይ፣ ሩሯን በዱላ እያጎኑ ሜዳውን መሙላት፤ ጌታ እንኳ ቢመታ አይቆጣም ይባል ነበር። ጤና ማለት ያ ነው። ይኸው በዚያን ጊዜ የተመታው ቅልጥሜ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ከሜትዮሮሎጂ ቀድሞ ይነግረኛል። ገበጣስ? 12 ጉድጓድ፣ 48 ጠጠር፣ በቃ። የሱ ጨዋታ አንዱ ብቻ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ሌሊቱን ሲወርድ ያድራል፣ ሲነጋ «አፕዴት አድርገኝ» ይላል። የገበጣ ሕግ አይለወጥም። የኛ ሰፈርና የቀጨኔ ሕግ ይለያያል፤ በዚያም ምክንያት ከቀጨኔ ልጆች ጋር በጠጠሩ ተወራውረናል፤ ግን አይለወጥም።

የሀገር ልጆችም ገብተውበታል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ኩባንያ «ኩኩሉ» የምትባል የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ ዶሮ ትሮጣለች፣ ልጁ ያስመልጣታል። በኛ ጊዜ ልጅ የሚያሯሩጣት ሊይዛት ነበር፤ ስትያዝም ወጥ ትሆናለች፤ ነገሩ መጨረሻ ነበረው። ዶሮ ሲያስመልጥ ያደገ ትውልድ ለፋሲካ ማንን ሊባርክልን ነው?

ማታ ማታ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ከማያውቀው ሰው ጋር በእንግሊዝኛ ይጯጯኻል። ሲሸነፍ «ፒንግ ነው» ይላል። ሰርቨሩ ያለው ባሕር ማዶ ስለሆነ ነው አሉ፤ ጥይቱ ከጉለሌ ተነስቶ አውሮፓ ደርሶ እስኪመለስ የሱ ሰው ሞቶ ተቀብሯል። ሲሸነፍ አንገቱን ደፍቶ ለአሸናፊው ቡና የሚጋብዝ ሰው ቀረ! እኔ በዳማ ስሸነፍ ሰበብ አላበዛም፤ ቆርኪው ተምታቶብኝ ነበር እላለሁ፣ ይበቃኛል።

አንዳንድ ወሬኛ ጎረቤት «ሽማግሌው ራሱ ከኮምፒውተሩ አይጠፋም» ሲል እንደሚያማኝ ሰምቻለሁ። ሐሰት ነው። የሐምሌን የጉለሌ ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ያ ካርድ ሲሠራ 170 ዋት ይጎርስና ከሳጥኑ ጀርባ ሞቅ ያለ አየር ይለቃል። ወንበሬን ከሳጥኑ ጀርባ ያደረግሁት ግን ልጁን ለመቆጣጠር ነው። «ምነው ዛሬ አትጫወትም?» ብዬ የምጠይቀውም ሐሳብ ገብቶት እንደሆነ ብዬ ነው። ዳማ የጫነልኝም ሳልጠይቀው ነው። መጀመሪያ ደረጃውን «ቀላል» ላይ አድርጎልኝ ነበር፤ ተናቅሁ ብዬ «ከባድ» አስደረግሁት፤ ከዚያን ዕለት ወዲህ ማሽኑ ያጭበረብራል። ሌሊት የምነሳው እጅ ከፍንጅ ልይዘው ነው።

እንግዲህ የዘመኔ ሰዎች፣ ምክሬን ስሙኝ። የልጅ ልጃችሁ «ልገጥም ነው» ካለ የጡረታ ደብተራችሁን ደብቁ፣ ረከቦቱን አንሱ፣ ከአሜሪካ ሰው ሲመጣ ሻንጣው እስኪከፈት ከአጠገቡ አትንቀሳቀሱ። አልቆለት ያልመጣ እቃ ቤታችሁ አይግባ። ደግሞ ከመካከላችሁ ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር 4 ራም፣ 3200 የሚለው ዓይነት፣ ትርፍ ያለው ሰው ካለ በደህና ዋጋ ይዞልኝ ይምጣ፤ ጥንድ ሲሆን ይፈጥናል ብለውኛል። ሽሮ ሜዳ ደርሶ «የሚያማርረው ሸማኔ» ካለ ያሳዩታል። ለልጁ ነው።